የገና ሰሞን ፀሐይ በማትወጣበት አገር

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ ለትምህርት፥ አንዱም ለሕክምና ይሄዳል፤ ሀብት የተረፈውም ለመናፈስ ብቻ ይሄዳል። የእኛ ቤተ ሰብ በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. ወደ ስዊድን አገር ሰሜን ጫፍ የሄደው ግን ከእነዚህ ለአንዱም አልነበረም፤ እናት ልጃቸውን ለማየት ነው እንጂ። እናታችን 74 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ታላቅ እኅቴን በዓይናቸው ካዩ 13 ዓመት አልፏል። በዚህ መካከል በ2009 ዓ.ም. አባታችን ሲያርፉ፥ እኅቴ የመኖሪያ ፈቃዷ ገና ስላልጸናላትና ከአገሩ ብትወጣ ለመመለስ ስለማትችል ከቀብራቸው ሳትደርስ ቀረች። እናታችን ይህን በአፋቸው ባይናገሩትም በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። እንግዲህ የጉዟችን ነገር ከበረዶው ይልቅ ይህ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

እናታችን፥ እኔና የ11 ዓመት ልጄ ሦስት ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም በአይሮፕላን ሄድን። ከስቶክሆልም እኅቴ እስካለችበት እስከ ኪሩና ከተማ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ ማታ በባቡር ተሳፈርን፤ ባቡሩም ሌሊቱን ሙሉ ሲገሠግሥ ዐደረ። አልጋ ስላለበት እናታችን ያለ ድካም ተጋደሙ። ሲነጋ በመስኮት እናየዋለን ያልነው አገር ግን ሳይነጋ ቀረ። ሰዓቱ ረፋድ ሆኖ ሳለ፥ ውጭው በኛ አገር ወፍ ከመንጫጫቱ በፊት እንዳለው ጊዜ ደብዛዛ ነበር። ጥዱም፥ መንገዱም፥ የቤቱም ጣራ አንድ ነጭ ልብስ ለብሶ ተኝቷል።

እኛ በአማርኛችን ከሰማይ ረግቶ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ «በረዶ» ብለን እንጠራዋለን። የቄስ ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ግን ዳዊት ሲደግም «ሐመዳ» እና «አስሐትያ» የሚሉትን የግዕዝ ቃላት ያውቃቸዋል፤ አንዱ አመዳይ፥ ሁለተኛው ውርጭ ተብሎ ይተረጐማል። እኛ በልጅነታችን ቃሉን በአፋችን ስንመላለስበት ኖርን እንጂ ነገሩን አላየነውም ነበር። በኪሩና ባቡር ጣቢያ ስወርድ ሐመዳ ማለት ይህ ነው አልሁ። በእርግጥ አባቶቻችን ነገሩን ፈጽሞ ሳያዩት የቀሩ አይደሉም። በአዱሊስ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውና ኮስማስ የተባለ ተጓዥ በ6ኛው መቶ ዓመት የቀዳው ጽሕፈት፥ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከወንዙ ማዶ ወደ ስሜን ተራሮች እንደ ዘመተና በረዶው ሰውን እስከ ጕልበቱ እንደሚያሰጥም ይናገራል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ዛሬም አንዳንድ ጊዜ አመዳይ ይለብሳል። ነገር ግን በስሜን የወረደው ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል፤ በኪሩና የወረደው እስከ ግንቦት ድረስ ሊተኛ ይችላል።

በዚያ አገር ለእንግዳ ሰው ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው የፀሐይ ነገር ነው። ምክንያቱን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ምድር ቅርጽ ስንማር የሰማሁት ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ቀጥ ብላ ሳይሆን ወደ ጎን 23 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ዘንበል ብላ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር የሰሜኑ ጫፍ ከፀሐይ ፊቱን ያዞራል። ከ66 ዲግሪ ከግማሽ በላይ ያለው አገር ሁሉ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ፀሐይ አይወጣለትም፤ ወደ ሰሜን በተጠጉ መጠንም የጨለማው ቀን ይበዛል። ኪሩና 68 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ስላለች፥ ከታኅሣሥ መባቻ ግድም ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ፀሐይ አታይም። በዚህ አንጻር ከግንቦት 20 ግድም እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ሌትና ቀን ሳትጠልቅ ትዞራለች። ይሁን እንጂ የክረምቱ ጨለማ እንደ ጉድጓድ ጨለማ አይደለም። በቀትር ላይ ጥቂት ሰዓት ያህል ሰማዩ ሰማያዊና ሮዝ እየሆነ፥ በረዶውም ብርሃኑን እየመለሰ፥ ሰው መንገዱን ያለ መብራት ለይቶ ይሄዳል።

እንግዲህ የቤታችን ክርክር የተነሣው ከዚሁ ነገር ነው። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበር። እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጾሙ የዋሉበት ዘመን የለም፤ ሰዓቱንም የሚያውቁት በግድግዳ ሰዓት ሳይሆን ከቤታቸው ደጅ በሚወድቀው ጥላ ነው። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ መውጣት የሚጀምር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች መዓልቱና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ ቍጥሩ ለኛ እጅግ የተመቸ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ባልወጣችበት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ከወዴት ተነሥቶ ይቈጠራል?

በመጀመሪያው ቀን እኅቴ ማዕድ አቅርባ «እማማ፥ ጊዜው ደርሷል፤ ይቅመሱ» ብትላቸው፥ «ልጄ፥ ቀኑ ሳይጀምር ጾሙ እንዴት ይፈታል?» አሏት። ቀትሩ አልፎ ሲጨልም፥ «አሁንማ ሌሊት ሆነ» ብለው ውሃ ብቻ ጠጡ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። እናታችን የደም ብዛት መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው፤ መድኃኒቱንም በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ ሐኪማቸው አዝዟቸዋል። በሁለተኛው ቀን ማታ ከወንበር ሲነሡ ዞሮባቸው ግድግዳ ያዙ።

እኅቴ የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ ስለ ሆነች፥ በዚህ ዕድሜ መውደቅ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። ደንግጣም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፥ «እማማ፥ እኔ ቤት መጥተው ሊሞቱብኝ ነው?» አለች። እናታችንም ቀዝቀዝ ብለው፥ «ሞትስ ቢመጣ ቀባሪ አገኛለሁ ወይ?» ብለው መለሱ። ይህ ቃል ስለ ጾም የተነገረ እንዳልሆነ ሁላችንም ዐወቅን፤ እኅቴም ሌላ ሳትናገር ወደ ማድ ቤት ገባች።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለምኖር፥ ባለ ጉዳይ በአንድ ነገር ከስሶ በሌላ ነገር ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የተጻፈው ክስ ስለ ድንበር ይሆናል፤ የልቡ ክስ ግን ወንድሙ በሠርጉ ስላልተገኘ ነው። ሁለቱን ክስ በአንድ ቀን ለመስማት አይቻልም፤ ቀላሉን አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ስለዚህ የሰዓቱን ነገር አስቀደምሁ።

በመጀመሪያ ከአባቶች ትምህርት የማውቀውን ነገርኋቸው። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ ይህም ደመና ፀሐይን ቢሸፍናት የማይጐድል፥ ብትገለጥ የማይጨምር ቍጥር ነው። በመጽሐፈ ሄኖክም ዕለቱ በ18 ክፍል ተከፍሎ፥ መዓልቱ በረዘመበት ጊዜ የሌሊቱ እጥፍ እንደሚሆን፥ ሌሊቱም በረዘመበት ጊዜ የመዓልቱ እጥፍ እንደሚሆን ተጽፏል። መዓልትና ሌሊት ሁልጊዜ እኩል እንዳይደሉ ከሆነ የራሳችን መጽሐፍ የሚያውቀው ነገር ነው አልኋቸው። እናታችንም በትዕግሥት አዳምጠው፥ «አንተ ጸሐፊ ነህ እንጂ ቄስ አይደለህም» አሉኝ። ፍርዱ ቅን ስለ ነበረ ይግባኝ አላልሁም።

በማግሥቱ ወደ ደብረ ብርሃን ስልክ ደውለን የንስሐ አባታቸውን አገናኘናቸው። ካህኑም ነገሩን ሰምተው እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ አረጋዊና ሕመምተኛ እንደ ዐቅሙ እንጂ ከዐቅሙ በላይ አይጾምም፤ ደግሞም እናታችን የዚሁ ደብር ልጅ ስለ ሆኑ፥ በሄዱበት ሁሉ በደብራቸው ሰዓት ይጹሙ፤ እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያም ይፍቱ። በስዊድን የክረምት ሰዓት ከኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በኪሩና በእነርሱ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ይህም የሰማዩ ብርሃን ገና ሳይሸሽ ነው። እናታችን እጅግ ደስ አላቸው። ሕጉ ስለ ላላላቸው አይመስለኝም፤ በዚያ ባዕድ ሰማይ ሥር ሆነው ከደብራቸው ጋር በአንድ ሰዓት ማዕድ መቅረባቸው ነው ያስደሰታቸው።

ለእኅቴ አንድ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። አማርኛ ሲናገሩ ይሰማል እንጂ ለመናገር ያፍራል። ያን ዕለት አያቱ ጠርተው ሥራ ሰጡት፦ «አንተ የእኔ ጥላ ነህ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጥተህ ንገረኝ።» ልጁ ስልኩን ይዞ ከልጄ ጋር ቍጥሩን ተማረ፤ በየቀኑም በጊዜው መጥቶ ከፊታቸው ቆሞ «እማማ፥ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ» ይላቸው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ማንም ሳይነግረው «ይቅመሱ» የምትለዋን ጨመረ። ብዙ ዘመን በመጽሐፍ ያልገባለት ቋንቋ፥ ኀላፊነት በተሰጠው ጊዜ በሳምንት ውስጥ ገባለት። በውጭ አገር ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ይህን ብታስተውሉት መልካም ነው፤ ልጅ ቋንቋን የሚማረው በቋንቋው የሚፈልገው ሰው ሲኖር ነው።

አሁን ስለ ብርዱ ጥቂት ልናገር። በቈየንባቸው ቀኖች ከዜሮ በታች እስከ 27 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ነበር። አፍንጫ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲደርቅ ይታወቃል፤ የዓይን ሽፋሽፍትም ነጭ ይሆናል። ሆኖም አለባበሱን ያወቀ ሰው አይጐዳም። ከሥጋ የሚቀርበው ልብስ ከበግ ጠጕር የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ስለማይደርቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። በላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፥ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት ይደረጋል። ሙቀት የሚጠበቀው በልብስና በልብስ መካከል ባለው አየር ስለ ሆነ፥ የሚያጣብቅ ጫማና የሚያጠብቅ ልብስ አይረባም። ብረትም በባዶ እጅ አይነካም። የቤቶቹ ውስጥ ግን መስኮቱ ድርብርብ መስታወት፥ ግድግዳው ወፍራም ስለ ሆነ እጅግ ይሞቃል። እናታችን፥ «በኅዳር በደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ የሚያንቀጠቅጠኝ ብርድ ይበልጣል፤ እነዚህ ሰዎች ብርዱን ከደጅ አስቀርተውታል፤ እኛ ግን አብረነው እንኖራለን» አሉ። ይህ ነገር ቤት ለሚሠራ ሰው ሁሉ ትምህርት ነው።

የኪሩና ከተማ ራስዋ የምትደንቅ ናት። ከተማዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ግድም የተቈረቈረችው ከሥርዋ ባለው የብረት ማዕድን ምክንያት ነው። ማዕድኑ እየተቈፈረ ወደ ከተማው ሥር ስለ ገባና መሬቱ መስመጥ ስለ ጀመረ፥ ከተማው ቦታውን ለቅቆ ወደ ምሥራቅ እንዲዛወር ተወሰነ። አዲሱ የከተማ መካከል እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ2022 ተመረቀ። በ1912 ተሠርታ የተፈጸመችው የእንጨት ቤተ ክርስቲያናቸውም ሳትፈርስ ሙሉ ሕንፃዋ ተነሥታ፥ 672 ቶን ክብደትዋን ብዙ መንኰራኵር ባለው ተሸካሚ ላይ ተጭና፥ በነሐሴ 13 እና 14 ቀን 2017 ዓ.ም. 5 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። ፍጥነቱም እጅግ ዝግ ያለ ነበር። እናታችን በአዲሱ ቦታዋ ቆማ ባዩዋት ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው ከሩቅ ተሳለሙና፥ «ታቦት ወጥቶ ሲመለስ ዕድሜዬን ሁሉ አየሁ፤ መቅደሱ ራሱ ሲሄድ ግን አልሰማሁም» አሉ። ቀጥለውም ለእኅቴ፥ «ለካ ሰው ብቻ አይደለም ከተተከለበት የሚነቀለው» አሏት። ከዚያ የማድ ቤት ቀን ወዲህ ለልጃቸው በለዘበ ቃል ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከከተማው ውጭ ያለው አገር የጥንት ባለቤቶቹ ሳሚ የሚባሉ ሕዝብ ናቸው። ቀድሞ ሌሎች ላፕ ይሏቸው ነበር፤ ይህ ስም እንደ ስድብ ስለሚቈጠር ዛሬ አይነገርም። በኖርዌይ፥ በስዊድን፥ በፊንላንድና በሩስያ ሰሜን ይኖራሉ፤ በስዊድን ያለው ጉባኤያቸው በ1993 የተከፈተ ሲሆን መቀመጫው ኪሩና ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አጋዘን የሚመስል፥ ስዊድኖች «ሬን» የሚሉትን እንስሳ ያረባሉ። ይህ እንስሳ ወንዱም ሴቲቱም ቀንድ አላቸው፤ ትልልቆቹ ወንዶች ክረምቱ ሳይጠና ቀንዳቸውን ሲጥሉ፥ ያረገዙት እንስቶች ግን እስኪወልዱ ድረስ ይዘውት ይከርማሉ። በበረዶው ውስጥ በኮቴያቸው እየቈፈሩ ከሥሩ ያለውን፥ የእንጨት ሽበት የሚመስለውን ተክል ይበላሉ።

የአንድ ሳሚ አርቢ ሰው እንግዳ ሆነን ዋልን። ባለ ከብቱ እያንዳንዱን እንስሳ የሚያውቀው ከጆሮው ላይ በቢላዋ በተቈረጠ ምልክት ነው፤ ምልክቱም ለየሰዉ የተለየና በመዝገብ የገባ ነው። ጭንቀታቸው ብርድ እንዳይመስላችሁ፤ ብርድ ወዳጃቸው ነው። የሚፈሩት በክረምት መካከል የሚመጣውን ሙቀት ነው። በበረዶው ላይ ዝናብ ይዘንብና መልሶ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፤ እንስሳውም ምግቡን እያሸተተ ሊቈፍረው አይችልም። የምድር አየር እየሞቀ በመሄዱ ይህ እየበዛባቸው ነው። እናታችን በእኅቴ አስተርጓሚነት ይህን ሰምተው፥ «የእኛ ከብት በዝናብ እጦት ይሞታል፤ የእነርሱ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይራባል» ብለው ከሰውዬው ጋር አብረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔንም ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ደስ አሰኘኝ። ጊርያስ የተባለው የሳሚ መንደር በአገሩ ውስጥ የአደንንና የዓሣ ማጥመድን መብት ማን ይስጥ በሚለው ነገር ከስዊድን መንግሥት ጋር ብዙ ዘመን ተከራክሮ፥ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 ለመንደሩ ፈርዶለታል። ፍርዱ የተመሠረተው መጀመሪያው ከማይታወስ ዘመን ጀምሮ በቈየ ይዞታ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ክርክር የርስት ነገር የሚያውቅ የአገራችን ሰው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በዚያው ሌሊት ስንመለስ የሰሜን ብርሃን የሚሉት ታየ። መጀመሪያ እንደ ቀጭን ጢስ ሆኖ ከተራራው ጫፍ ተነሣ፤ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ እንደ መጋረጃ ሰማዩን እየተጣጠፈ አቋረጠው፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ነገሩ የሚሆነው ከፀሐይ የሚወጣ እጅግ ረቂቅ ነገር በምድር ማግኔት ተስቦ ወደ ዋልታው ሲወርድና ከአየር ጋር ሲጋጭ ነው። አረንጓዴው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ኦክሲጅን ምክንያት ነው። የሙቀት መለኪያውን ዲግሪ ያወጣው አንደርስ ሴልሲየስና ረዳቱ ሂዮርተር በ1741 በኡፕሳላ ሆነው፥ ይህ ብርሃን በሚታይበት ሌሊት የኮምፓስ መርፌ እንደሚናወጥ አስተውለዋል። እኔ ይህን ለልጆቹ ሳስረዳ እናታችን አማትበው፥ «ፀሐይን ቢከለክላቸው ይህን ሰጣቸው» አሉ። ከፀሐይ የመጣ መሆኑን ስነግራቸውም፥ «እንግዲያ አልረሳቻቸውም ማለት ነው» ብለው ዝም አሉ።

ዋናው ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። እኅቴ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃድ አግኝታ አንድ ቀን እናታችንን ይዛቸው ሄደች፤ እኔም ተከተልሁ። ቤቱ ንጹሕና ሙቅ ነው፤ በየመስኮቱም የመብራት ኮከብ ተሰቅሏል። በአንድ ክፍል ውስጥ ቀድሞ በማዕድን ጕድጓድ የሠሩ እጅግ ያረጁ ሰው ነበሩ። እኅቴ ሞቅ ያለ ውሃ በሳህን አምጥታ ከእግራቸው በታች ተንበረከከች፤ እግራቸውን እያንዳንዱን ጣት እየለየች አጠበች፤ አደረቀች፤ ቅባት ቀባች፤ ሹራቡን አጠለቀችላቸው። ሽማግሌውም እጃቸውን በራስዋ ላይ ጭነው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። እናታችን ምን እንዳሉ አልጠየቁም። ምርቃት በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን ይታወቃል።

ማታ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም በተቀመጥንበት እናታችን እኅቴን ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጧትና እንዲህ አሏት፦ «የአባትሽን እግር ሳታጥቢ ቀረሽ ብዬ ዘጠኝ ዓመት አዝኜብሽ ነበር። ለካ በዚህ ጨለማ ውስጥ የስንቱን አባት እግር ስታጥቢ ኖረሻል።» እኅቴ መልስ አልሰጠችም፤ ራስዋን በእናታችን ጕልበት ላይ ጣለች። ከዚያ በኋላ የሆነው በአገራችን ልማድ በመጀመሪያው ቀን መሆን የሚገባው ነው። እናታችን የአባታችንን ስም እየጠሩ፥ የሠሩትንና የተናገሩትን እያነሡ ተቀኙ፤ እኅቴም ተከትላ አለቀሰች። የአባታችን ለቅሶ በዘጠኝ ዓመቱ፥ ከቤታቸው እጅግ በራቀ አገር ተፈጸመ። ባልዋና ልጅዋ ቋንቋውን ሁሉ ባይረዱትም ቆመው ሳለ፥ ልጁ ድንገት ወጥቶ ሄዶ ለእናቱም ለአያቱም ውሃ ይዞ መጣ። ለቀስተኛ ውሃ እንደሚሰጠው ማን እንደ ነገረው አላውቅም።

ታኅሣሥ 25 ቀን ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበረ፥ ፀሐይ ትታያለች ተብሎ ከቤቱ በላይ ወዳለው ጕብታ ወጣን። በቀትር ግድም ከደቡብ በኩል የፀሐይዋ ጫፍ ብቅ አለና በረዶው ሁሉ ወርቅ መሰለ፤ ብዙም ሳትቈይ ተመለሰች። እናታችን እንደ እንግዳ ተቀብለው፥ «እንኳን ደኅና መጣሽ» አሏት። ልጁ ደግሞ ጥቂት አስቦ፥ «እማማ፥ ዛሬ የጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓትና የማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊገናኙ ነው» አለ። አያቱ እስኪያነቡ ሳቁ። የገና ዕለትም ዶሮ ተሠርቶ፥ ከመጦሪያው የእኅቴ የሥራ ባልንጀሮች ተጠርተው፥ በዓሉን በደስታ አከበርን።

ወገኖች ሆይ፥ ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ሩቅ አገር የላከ ቤተ ሰብ በአገራችን ዛሬ ጥቂት አይደለም። ከእነርሱ የሚመጣውን ገንዘብና ፎቶግራፍ እንቀበላለን፤ ሳይመጡ የቀሩበትንም ቀን እንቈጥራለን። የሚነሡበትን ሰዓት፥ የሚሠሩትን ሥራ፥ የሚሻገሩትን ክረምት ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። በፍርድ ቤት አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ክልክል ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ይህን ሕግ ሁላችንም በየቀኑ እንተላለፈዋለን። ስለዚህ ዐቅም ያለው ሰው ዘመዱን ሊጠይቅ ሲሄድ፥ አበባ በሚያብብበት በበጋቸው ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜ እንኳ በጨለማቸው ወራት ይሂድ። መሄድ የማይቻለውም በስልክ ሲያገኘው ከጤናው ቀጥሎ፥ «አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው? ነግቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቀው። ይህን የተጠየቀ ሰው ከወገኑ እንዳልተለየ ያውቃል።